ሃምሳ አለቃ ዘለቀ አላየሁም አሉ

የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ እኔ ከሰዉ ራቅ ብዬ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተደግፌ ቆሜ ነበር። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ አቶ ፍቃዱ ጉሮሮውን ጠርጎ "ሻምበል ዘለቀ" ብሎ ሲጀምር፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሳጥኑን ከፍተው የሚነሱ መሰለኝ። በሕይወት ቢኖሩ አንዲት ዓረፍተ ነገር አያስጨርሱትም ነበር። ቀኝ እጃቸውን መኪና እንደሚያስቆም ትራፊክ ዘርግተው "ሃምሳ አለቃ ነኝ፤ ሻምበልነት አልደረስኩም" ብለው ያርሙት ነበር። አሁን ግን ተኝተዋል፣ ማን ያርመው። አቶ ፍቃዱም ሜዳው ሲለቀቅለት ቀጠለ፤ ሟቹ ተኩላን ወደ ሐረር ምድር በመመለስ ሥራ ታላቅ አሻራ ጥለው ያለፉ ሰው ናቸው አለ።

አጠገቤ የቆመች ሴትዮ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና፣ ጤነኛ ሰው ተኩላ ምን ሊያደርግለት ይመልሳል ብላ ጠየቀችኝ። ሃምሳ አለቃ ዘለቀ አንድም ተኩላ አልመለሱም። አየሁ ብለውም ለመሥሪያ ቤት ተናግረው አያውቁም። ከሥራ የወጡትም በዚሁ ነው፤ ያስወጣቸውም ይኸው ቆሞ የሚያነብላቸው ሰው ነው። ሞት ለካ ደግ ነው፤ የተሰናበተውን ሃምሳ አለቃ ሻምበል አድርጎ ወደ ሥራው ይመልሳል።

እኔ ሹፌር ነኝ። ሙሉጌታ እባላለሁ፤ እዚሁ ሐረር ፈላና በር ተወልጄ ስላደግሁ የሚያውቀኝ ሁሉ ሙሌ ነው የሚለኝ። በመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ ብዙ ኃላፊ፣ ብዙ ባለሙያ፣ ብዙ እንግዳ አመላልሻለሁ። ከአብዛኞቹ የማስታውሰው ወንበሩ ሥር ጥለውት የወረዱትን ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ነው። ሃምሳ አለቃ ዘለቀን ግን መርሳት አልቻልኩም፤ ደግሞ ልርሳቸው ብልም ሐረር አታስረሳኝም።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ሐረር የጅብ አገር ናት፤ ይህን ሕፃን ያውቃል። ጅብ ሲያልፍ መንገድ የምንለቅ ሰዎች ነን። ታዲያ በጅብ አገር የተኩላ ፕሮጀክት ምን ይሠራል ብላችሁ ብትጠይቁ፣ አቶ ፍቃዱም ጠይቆ ነበር። ገንዘቡን የሰጡት ፈረንጆች አገራቸው ውስጥ ጠፍቶ የኖረ ተኩላ ተመልሶ በእርሻውና በመንደሩ መሐል መኖር ጀመረ መሰለኝ፤ በዚህ ደስታ ሰክረው ለሌላውም አገር ይድረስ አሉ። አቶ ፍቃዱ፣ ጅብ ከሆነ የፈለጋችሁትን ያህል አለን ብሎ ለማግባባት ሞከረ። ሰነዱ ላይ የተጻፈው ተኩላ ነው ተባለ። ተኩላ ከሆነ ተኩላ ነው፤ በሳምንቱ ባነር ተሠራ። የድሬ ጠያራ ገጠር ሽማግሌዎች ተጠየቁና፣ መሬቱ ሁሉ ጫትና ቤት ሳይሆን በፊት ነበረ አሉ። ነበረ ከተባለ ሊመለስ ይችላል። ሊመለስ የሚችል ከሆነ ክትትል ያስፈልገዋል። ክትትል ካለ ደግሞ አበል አለ። እንግዲህ ተኩላው ብቻ ነበር የቀረው።

በራሱ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራም ተልኮልን ነበር፤ ዛፍ ላይ ይታሰርና እንስሳ ሲያልፍ ቀጭ ያደርጋል። ንብረት ክፍል ግን፣ ጫካ ውስጥ ቢሰረቅ የሚጠየቀው ማን ነው ብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈው። ቁም ሳጥኑ ውስጥ የገባ ተኩላ ቢኖር ኖሮ በጣም ጥሩ ፎቶ ይነሳ ነበር። ካሜራው ስለታሰረ ዓይን ያለው ሰው ተፈለገ፤ ሃምሳ አለቃ ዘለቀም በኮንትራት የተቀጠሩት በዚህ ምክንያት ነው።

አብሯቸው መዋል ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሰላሌ ተወልደው፣ ወታደርነት ሐረር አምጥቷቸው፣ እዚሁ ያረጁ ሰው ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሪዛቸውን በየጠዋቱ በመቀስ የሚያስተካክሉ፣ ኩራታቸውም ከቁመታቸው የማይተናነስ። ጦሩ ውስጥ ቃፊር ነበሩ፤ ከሠራዊቱ ፊት ፊት ሄዶ፣ ጠላት የት እንዳለ አይቶ የሚመለስ ማለት ነው። ቃፊር ያላየውን አየሁ ካለ ሰው ያልቃል ይሉ ነበር። ጦሩ ተበተነ፣ የደንብ ልብሱ አለቀ፣ ይቺ አመል ግን ከገላቸው አልወለቀችም። የሆነ ነገር ከመናገራቸው በፊት መሐረባቸውን ከደረት ኪሳቸው ያወጣሉ፣ ሁለቱንም ዓይናቸውን በየተራ ይጠርጋሉ፣ መሐረቡን መልሰው ያጥፋሉ። ከዚያ ነው የሚናገሩት። እስከዚያው እኔ ሁለት ቀበሌ ነድቻለሁ።

አንድ ቀን እየነዳሁ፣ ጋሽ ዘለቀ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው አልኳቸው። አይተኸዋል ወይ አሉኝ። ደመናውን አይቻለሁ ስላቸው፣ እንግዲያው ደመና አለ በል አሉኝ። ዝናቡ መጥቶ መስታወቱን ሲደበድበው፣ አሁን ዝናብ መጣ ማለት ትችላለህ ብለው ፈቀዱልኝ። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ሳምንቱን ሙሉ መዋል ምን እንደሆነ እናንተው አስቡት።

የባሰውን ልንገራችሁ። ታናሽ ወንድሜ ሚስት ሊያገባ ሲነሳ፣ ለሽምግልና የተከበረ ሰው ይላክ ተባለና እሳቸውንም ጨምረን ላክን። እናቴ ይህ ነገር በተነሳ ቁጥር እስከ ዛሬ ታማትባለች። የልጅቷ አባት እንደ ወጉ፣ ልጁ ጠባዩ እንዴት ነው ብለው ጠየቁ። የዚህ መልስ የታወቀ ነው፤ አንገቱን የደፋ፣ ሰው አክባሪ ነው ይባላል፣ ይታለፋል። ሃምሳ አለቃ ዘለቀ መሐረባቸውን አወጡ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ "ጠባዩን ቀርቤ አላየሁም። ሲሰክር ግን አይቻለሁ" አሉ። አብረዋቸው የሄዱት ሽማግሌዎች የጫማቸውን ክር ሲመረምሩ ቆዩ አሉ። የልጅቷ አባት ግን፣ እንዲህ ያለ ሽማግሌ የሚልክ ቤት ሌላ የሚደብቀው የለውም ብለው ልጃቸውን ሰጡ። ወንድሜ እስካሁን ቂም ይዟል፤ መጠጡንም ቀንሷል፣ አማቱ ያውቁበታላ።

መሥሪያ ቤት ውስጥ አርብ አርብ ስብሰባ ነበረን። አቶ ፍቃዱ ዙሪያውን ጠይቆ፣ ጠይቆ፣ መጨረሻ ላይ ወደ እሳቸው ይዞራል፤ ጋሽ ዘለቀ፣ በዚህ ሳምንትስ? ብድግ ይላሉ፣ ይጠርጋሉ፣ "አላየሁም" ይላሉ፣ ይቀመጣሉ። ምልክትስ ይላቸዋል። ኮቴ አይቻለሁ፣ የውሻ ነው ይላሉ። የውሻ ለመሆኑ እርግጠኛ ነዎት ይላቸዋል፣ ተስፋ እንደሚያደርግ ሰው። ውሻው ቆሞበት ነበር ይላሉ። በዚህ ሁኔታ ሪፖርቱ እንዴት ይጻፍ? ሪፖርት የሚጽፈው ባለሙያችን ጎበዝ ልጅ ነው፤ የሰው ኑሮም ያሳዝነዋል፤ "የተኩላ እንቅስቃሴ ምልክቶች ተስተውለዋል" ብሎ ጻፈ። ማን እንዳስተዋላቸው አልጻፈም።

ይቺ ዓረፍተ ነገር ወደ ላይ ወጣች። ከላይ ወደ ወረዳ ወረደች። ከወረዳ ደግሞ በድምፅ ማጉያ ወደ አንድ መንደር ገባች፤ ተኩላ ሀብታችን ነውና እንንከባከበው ተብሎ ተለፈፈ። ሰዉ ከልፈፋው ውስጥ "ተኩላ" የምትለውን ብቻ ነው የሰማው። ፍየል ያለው ሁሉ መርዝ የተቀባ ሥጋ በየቁጥቋጦው ሥር አስቀመጠ። እኛ ስንደርስ የመንደሩ ውሾች በየመንገዱ ተዘርረዋል፤ ጥንብ አንሳዎቹ ወንዙ ዳር ክንፋቸውን እንደ ዘረጉ ቀርተዋል። አንዲት ትንሽ ልጅ የውሻዋን ጆሮ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ጋሽ ዘለቀ ኮፍያቸውን አውልቀው አንድ በአንድ እየዞሩ፣ እያጎነበሱ አዩ።

አርብ ሲደርስ ተራቸውን አልጠበቁም። ብድግ ብለው "ያላየነውን ጽፈን ያየናቸውን ገደልን" አሉ። አቶ ፍቃዱ፣ ጥሩ አስተያየት ነው፣ እንይዘዋለን አለና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ፤ አጀንዳው የሠራተኞች ሻይ ክበብ ነበር።

ከተማው ግን የሚያውቀው ይህን አልነበረም። ከተማው የሚያውቀው የሐሰንን ቀልድ ነው። ሐሰን ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ሻይ ቤት ያለው ሰው ነው፤ ስሙንም ቤቱንም ቀይሬዋለሁና ሄዳችሁ ብትፈልጉ አታገኙትም። ጋሽ ዘለቀ ጠዋት ጠዋት ወደ መሥሪያ ቤት ሲሄዱ በበሩ ያልፋሉ። ሐሰን ብርጭቆውን እያጠበ "ሻምበል፣ ተኩላው መጣ?" ይላቸዋል። እሳቸው ቆም ብለው፣ ይጠርጉና፣ "ሃምሳ አለቃ። አልመጣም። ሲመጣ መጀመሪያ ለአንተ ነው የምነግርህ" ይሉታል። በየቀኑ ነው። ቆይቶ የከተማው ሰላምታ ሆነ፤ የባጃጅ ሹፌሩ፣ ቅመም ሻጯ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሁሉም ተኩላው መጣ እያለ ይቀበላቸው ጀመር። ለሁሉም ቆመው አልመጣም ይላሉ። እኔ ስበሳጭላቸው፣ ይሳቁ፣ አንድ ቀን ይመጣል አሉኝ። ያን ቀን ሐሰን ቤት ገብቼ፣ ቁጭ ብዬ፣ አዎ መጣ እለውና ሻዬን እጠጣለሁ አሉ። ለካ አንድም ቀን ገብተው ተቀምጠው አያውቁም። ያን ሁሉ ሳቅ የቻሉት ለዚያች አንዲት ሻይ ነው። ሌላ ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት ነገር እንደነበረ እኔ አላውቅም፤ ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅም አልነበራቸውም።

እዚህ ላይ ለሐረር ሰው የማያስፈልግ ማብራሪያ ለሌላው ልስጥ። እኛ ዘንድ ከምሳ በኋላ በርጫ አለ፤ ጫት ይዞ መቀመጥ ማለት ነው። ከሰባት ሰዓት በኋላ ከተማው ይቀመጣል፣ ገጠሩ ይቀመጣል፣ ቢሮው በሩን ገርበብ አድርጎ ይቀመጣል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፤ ወንበሩ ይለያይ እንደሆነ እንጂ ቅጠሉ አንድ ነው። እኔም ከተቀማጮቹ አንዱ ነኝ። ስለዚህ የመስክ ሥራ ማለት ጠዋት ወጥቶ ስድስት ሰዓት ላይ መመለስ ነው። ይህን ማንም አልወሰነም፣ ማንም አልጻፈም፤ ፀሐይ በምሥራቅ እንደምትወጣ የታወቀ ነው። ፕሮጀክቱ በኖረበት ዘመን ሁሉ ስምንት ሰዓት ላይ ሜዳ እንውጣ ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ጋሽ ዘለቀ ጫት አይቅሙም፤ ግን መኪናው ሲመለስ እሳቸውም ይመለሳሉ።

አንድ ቀን ድሬ ጠያራ ውስጥ አንድ ኮረብታ ሥር ጎማችን ተነፈሰ። ኮረብታውን አልነግራችሁም፤ ድሬ ጠያራ ሰፊ ነው፤ ጨርሶ ድሬ ጠያራ ላይሆንም ይችላል። ቅያሪ ጎማው የአቶ ፍቃዱ መኪና ላይ ተገጥሞ ቀርቷል። ጎሚስታው ጋ ደወልኩ፤ ተቀምጫለሁ፣ ስነሳ እመጣለሁ አለኝ። ቢሮ ደወልኩ፤ ዘበኛው አንስቶ ሁሉም ስብሰባ ላይ ናቸው አለ። የምን ስብሰባ እንደሆነ እሱም ያውቃል እኔም አውቃለሁ። መንገድ ላይ አንድ መኪና የለም፤ የጫት ጫኞቹ መኪኖች ጠዋት አልፈዋል። ዛፍ ሥር ተቀመጥን። የእኔ ሰዓት እያለፈ ነው፣ ጭንቅላቴን ወገረኝ፤ ኮፍያዬን ፊቴ ላይ ደፍቼ ተኛሁ።

ጉልበቴን ነኩኝ። ቀና ስል እጃቸውን አፌ ላይ ጫኑ።

ሁለት ትልልቆች፣ ከኋላቸው ግልገሎች። በጫቱ መሐል፣ እኛ ጠዋት ጠዋት በምንነዳበት መንገድ፣ ገበያ እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብለው ይመጣሉ። መልካቸው አመድማ ቢጫ ነው፣ የጅራታቸው ጫፍ ጥቁር። ውሻ ሰው አለ ወይ እያለ ነው የሚራመደው፤ እነዚህ ግን ባለቤት ሆነው ነው የሚሄዱት። አንዱ ግልገል አንድ የወደቀ ነጠላ ጫማ አፉ ላይ አንጠልጥሎ እየጎተተ ይወድቃል፣ ይነሳል። እናቲቱ እኔ ምሳ የበላሁበትን ወረቀት አሽትታ ናቀችው። ሜዳው ላይ ሰው የሚባል የለም፤ እረኛ የለም፣ ገበሬ የለም፣ ባለሙያ የለም። አገሩ በሙሉ ተቀምጦላቸዋል። የሐረርን ሰዓት ከእኛ ከሐረር ልጆች በላይ አውቀውታል።

ጋሽ ዘለቀ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን የሩቅ ማያ መነጽር አላነሱም፤ አያስፈልግም ነበር። መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ። ደግመው ጠረጉ። ሦስተኛው ለማየት የሚጠረግ አልነበረም። ተኩላዎቹ ቁልቋሉ ውስጥ ከገቡ በኋላ፣ እንደ መተንፈስ አድርገው "አየሁ" አሉ። ስለ ተኩላ ይቺን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም ነበር።

ትንሽ ቆይቶ የኮረብታው ባለቤት ኦቦ አህመዴ ጉንጩን በጫት እንደሞላ ብቅ አለ። ፊታችንን ሲያይ ገባው። ጋሽ ዘለቀ ሰላሌ ስለሆኑ ኦሮምኛው አብሯቸው የተወለደ ነው፤ የሐረርጌ ገበሬዎች አነጋገራቸው ያስቃቸዋል እንጂ ይግባባሉ። አህመዴ ካወቀ ከርሟል። "እናንተ ጠዋት ትመጣላችሁ። ጠዋት እኛ አለን፣ ዬይ የለም። ከሰዓት እኛ የለንም፣ ዬይ አለ። ቀኑን ተካፍለነዋል" አለ። ዬይ የሚለው ተኩላውን ነው። ለውዙን የሚጨርሰውን አይጥ እየበሉለት ነው፤ ፍየሉን ደግሞ በዚያ ሰዓት ደጁ ላይ ስለሚያስር አልነኩትም። ለምን አልነገርከንም ስለው እኔን ትቶ እሳቸውን አየ። ብነግራችሁ ትጽፋላችሁ አለ። ብትጽፉ ከወንዙ ማዶ ያለው ባለፍየል ካለፈው የተረፈ መርዝ ቤቱ አለው። እሱ ቢምር እናንተ አትምሩም፤ ኮረብታዬን ታጥራላችሁ አለ። ውሸት አልነበረም፤ አቶ ፍቃዱ ተኩላ በተገኘበት ቦታ ላይ የሚሠራውን ማማ፣ የእንግዳ ካፌና የመኪና ማቆሚያ ካሣለ ቆይቷል። ሥዕሉ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ የቀረው ተኩላውን መሣል ብቻ ነው።

እኔ በደስታ ሰከርኩ። ጎማው ተጠግኖ ስንመለስ፣ ነገ ሐሰን ምን ይውጠው ይሆን እያልኩ ለብቻዬ አወራለሁ። ፈረስ መጋላ ስንደርስ፣ እዚህ ላውርድዎት አልኳቸው። ሐሰን በሩ ላይ ቆሞ እጁን አነሳልን። ቤቴ አድርሰኝ አሉኝ።

ብዙም ሳይቆይ ከአዲስ አበባ ገምጋሚዎች መጡ። ነገሩ ቁርጥ ነው፤ ተኩላ ታይቶ ከሆነ ፕሮጀክቱ ይቀጥላል፣ ካልታየ ይዘጋል፣ ኮንትራቱም አብሮ ያልቃል። አዳራሹ ውስጥ የታሸገ ውሃ ተደርድሯል፤ እኔ እንግዶቹን አምጥቼ በሩ ሥር ተቀምጫለሁ። ሪፖርቱ ተነበበ፤ ምልክቶች፣ አመላካቾች፣ ተስፋ ሰጪ ሁኔታዎች። የገምጋሚዎቹ መሪ፣ ደርባባ ሴት ናቸው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ታዲያ በዓይኑ ያየ ሰው ማን ነው ብለው ጠየቁ። አቶ ፍቃዱ ያን ጊዜ የመጨረሻ ካርታውን መዘዘ። እዚህ መካከላችን ያሉት አባት ውሸት እንደማይናገሩ ሐረር በሙሉ ይመሰክራል፤ እሳቸው አየሁ ካሉ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገንም አለ። ቃሉ እውነት ነበር። አጥብቆ የሚያያቸው ዓይኑ ግን ይለምናቸው ነበር፤ የስንት ሰው እንጀራ እኮ ነው።

ጋሽ ዘለቀ ብድግ አሉ። እኔ መሐረቡን ጠበቅሁ። እጃቸው ወደ ደረት ኪሳቸው አልሄደም።

"አላየሁም" አሉ።

በፍጹም? አሉ ሴትየዋ።

"በፍጹም።"

ተቀመጡ። ሴትየዋ እስክሪብቷቸውን ከደኑ። አንድም የተጠራጠረ ሰው አልነበረም፤ እንዴት ይጠራጠራል? አንዲት ውሸት እንድትታመንላቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ እውነት ሲያጠራቅሙ የኖሩ ይመስል ነበር። እኔ አሁን ወደኔ ይዞራሉ ብዬ ስንት መልስ አዘጋጀሁ። የሚዞር ጠፋ። ሹፌር ምን አየህ ተብሎ አያውቅም፣ መቼ ትደርሳለህ ነው የሚባለው።

ፕሮጀክቱ ተዘጋ። ባነሩ የዘበኛው ቤት ዝናብ መከላከያ ሆነ፤ ተኩላው የተሣለበት ጎን ወደ ውስጥ ነው። የጋሽ ዘለቀ ኮንትራት ሲያልቅ አቶ ፍቃዱ እጃቸውን እንኳ በደንብ አልጨበጠም። ካሜራው እዚያው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው።

እሳቸው ደግሞ ውሸቷን ይዘው ወደ ነፍስ አባታቸው ሄዱ። ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ቄሱ ኃጢአቱን ሰምተው ሲያበቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለመሆኑ የት አካባቢ ነው ያዩት አሏቸው። ጋሽ ዘለቀ፣ አባቴ፣ ኃጢአቱ መዋሸቴ ነው እንጂ ቦታው አይደለም አሉ። ለዚህች መልስ ስግደቱ ሳይጨመርባቸው አልቀረም።

ከዚያ በኋላ በፈረስ መጋላ ማለፍ ተዉ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ፣ ገበያ ሲሄዱ፣ በዚያ ጉልበታቸው የከተማውን ግንብ ዞረው በሌላ በር ነው የሚገቡት። አንድ ቀን ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው አገኘኋቸውና መኪና ውስጥ አስገብቼ፣ ለምን እንዲህ ይደክማሉ ብዬ ተቆጣኋቸው። "አንዴ ዋሽቻለሁ፣ ሙሌ። ሐሰን ከጠየቀኝ ግን ምን እለዋለሁ? ለእሱ ቃል ገብቻለሁ" አሉኝ። አንጀቴን በሉት። ሌላ ጊዜ ደግሞ አደባባዩ ላይ ተሳፋሪ እየጠበቁ ከቆሙት ባጃጆች ጀርባ ቆመው አየኋቸው። ሐሰን ቤት በኩል ነው የሚያዩት። ሐሰን ሻይ ይቀዳል፣ ከሰው ጋር ይስቃል። ረጅም ጊዜ ቆሙ። መሐረባቸውን አወጡ፣ ጠረጉ፣ አጠፉና በመጡበት ተመለሱ። እኔም አላየሁም ብዬ አለፍኩ።

ለቅሶው ሁለተኛ ቀን ላይ ሐሰን ድንኳኑ ውስጥ ገባ፣ አላህ ያጽናችሁ አለና አጠገቤ ተቀመጠ። አቶ ፍቃዱ ፊት ለፊታችን ነው፤ ለጎኑ ሰው ስለ ሻምበል ያወራል። አንድ ሁለቱ ደግሞ ሟቹን በፍቅር እያነሱ ይስቃሉ፤ ዕድሜ ልኩን ተኩላ ፈልጎ አንድ እንኳ ሳያይ የሞተ ሰው ይላሉ። ብድግ ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ኮረብታው ትዝ አለኝ፣ ነጠላ ጫማ የሚጎትተው ግልገል ትዝ አለኝ፣ ቂጤ ወንበሩ ላይ ተጣበቀ።

ሐሰን የሚስቅ አልነበረም። ጣቶቹን እያፍተለተለ፣ የተኩላውስ ነገር ይቅር፣ አለኝ። በደጄ ማለፍ የተዉት ለምን እንደሆነ ነው የከነከነኝ። ቀልዱ በዝቶባቸው ይሆን? ሻምበል እያልኩ ስጠራቸው አስቀይሜአቸው ይሆን? ብርጭቆ ሳጥብ ሁልጊዜ መንገዱን አያለሁ አለኝ። "ተቀይመውኝ ነው የሞቱት፣ ሙሌ?"

አቶ ፍቃዱ ወሬውን አቁሞ ጆሮውን ወደኛ አዙሯል። እኔ መሐረብ የለኝም። በመዳፌ ዓይኔን ጠረግሁ፤ ሁለቱንም፣ በየተራ።

"አልተቀየሙህም" አልኩት።

"በምን አወቅህ?"

"አይቻለሁ።"

ሐሰን ቀና ብሎ ዓይኔን ፈለገ። "በዓይንህ?"

"በዓይኔ" አልኩት።